ዲፓርትመንት ካልጣመኝ በኋላ እቀይራለሁ ላልሽኝ የድሬ ልጅ

ጥያቄሽን ለሌላው አንባቢም እንዲገባው አሳጥሬ ልድገመው፦ «ጋሼ፣ የሳቢያን ልጅ ነኝ፣ ድሬዳዋ ዩኒቨርሲቲ ደርሶኝ የፍሬሽማን (የመጀመሪያ ዓመት) አንደኛ ሴሚስተር ጨርሻለሁ፣ ጂፒኤ (አማካይ ውጤት) 3.4 አመጣሁ፣ 12ኛ ላይ ከ600 412 ነበረኝ። ኢንጅነሪንግ ነው የምገባው። አባቴ (ድሮ ምድር ባቡር ወርክሾፕ ቶርኖ በሚባለው የብረት መቅረጫ ማሽን ላይ ነበር የሚሰራው) ሲቪል ካልሆነ አይሆንም ይላል፣ የአክስቴ ልጅ ሶፍትዌር ካልሆነ ስራ የለም ይላል፣ እኔ ደግሞ ኤሌክትሪካል ደስ ይለኛል ግን ፊዚክስ ቢ ማይነስ ነው የሰጡኝ። አሁን አባቴን ላስደስተውና ሲቪል ልሙላ፣ ካልጣመኝ በኋላ እቀይራለሁ። ይቻላል አይደል?»

ከመጨረሻው ልጀምር። በወረቀት ደረጃ ይቻላል፣ ግን እሱን ተማምነሽ ፎርም እንዳትሞዪ። እኔ ኢንጅነሪንግ ሳስተምር 14 ዓመቴ ነው፣ ከዛ ውስጥ የተወሰነውን የዲፓርትመንት ድልድል ኮሚቴ ውስጥ ነበርኩ፣ እና «ካልሆነ እቀይራለሁ» ብሎ የሞላ ልጅ በየዓመቱ ሴሚስተር ሲከፈት ቢሮዬ በር ላይ ቆሞ አገኘዋለሁ፣ ተቀይሮለት የሄደውን ግን በአንድ እጄ ጣት ነው የምቆጥረው።

ለምን እንደሆነ ልንገርሽ። ቅያሪ ጥያቄ ብዙ ጊዜ የሚታየው አድ ኤንድ ድሮፕ (ኮርስ የሚጨመርበትና የሚቀነስበት) ሳምንት ላይ ነው፣ ያ ካለፈ በቃ አለፈ። በዛች ሳምንት ውስጥ ደግሞ ያለሽበት ዲፓርትመንት ልቀቃት ማለት አለበት፣ የምትሄጂበት ቦታ አለኝ ማለት አለበት፣ ከዛ ሰው የማያውቀው ሶስተኛው ነገር ይመጣል፣ ድልድሉ በወጣ ጊዜ እዛ ዲፓርትመንት የገባው የመጨረሻው ልጅ ያመጣውን ነጥብ አንቺም አምጥተሽ ነበር ወይ ተብሎ ይታያል። ያ ባይኖርማ ሁሉም ሰው ቀላሉን ሞልቶ በጓሮ በር ይገባ ነበር። እና አሁን አስቢው፣ ኤሌክትሪካልን አንደኛ አድርጎ ሞልቶ ያጣው ልጅ ነጥቡ ስላልደረሰ ነው ያጣው፣ ስለዚህ በቅያሪም አይገባም። ነጥቡ የደረሰው ደግሞ ሞልቶት ስለነበር መጀመሪያውኑ ገብቷል። የቀረሽው አንቺ ነሽ፣ ነጥቡ ኖሮሽ በፈቃድሽ ሳትሞዪው የቀረሽው፣ ወንበሩ ግን ሞልቷል። አቦ፣ እንዲህ አይነት ልጅ ሲመጣ እኔ ራሴ ነው የሚያመኝ፣ ምክንያቱም ሌላው ቢያንስ ሞክሯል።

እሺ እንበልና በተአምር ፈቀዱልሽ። አንድ ሴሚስተር ሲቪል ተምረሽ ከሆነ የሄድሽው፣ ኤሌክትሪካል ልጆች ያኔ ሰርኪት (የኤሌክትሪክ ዑደት ትምህርት) ጀምረዋል፣ ብዙ የዲፓርትመንት ኮርስ ደግሞ በዓመት አንዴ ነው የሚሰጠው፣ እሱ ካለፈሽ እሱን ፕሪሪኩዊዚት (ቀድሞ መወሰድ ያለበት) ያደረገው ኮርስ ሁሉ ይቆምብሻል፣ ስለዚህ አንድ ዓመት ጨምሪ ማለት ነው፣ ኮስት ሼሪንጉም (የወጪ መጋራት ዕዳሽ) አብሮ ይጨምራል፣ የዶርም ጓደኞችሽ ጂሲ (ተመራቂ) ሆነው ፎቶ ሲነሱ አንቺ ገና ኢንተርንሺፕ ትፈልጊያለሽ። ዊዝድሮው አድርጌ (ትምህርቱን ለጊዜው አቋርጬ) ስመለስ በአዲስ እመረጣለሁ የሚሉም አሉ፣ እሱ አይሰራም፣ ዊዝድሮው ያደረገ ሰው ተመልሶ የሚገባው ወደ ነበረበት ነው። ከሌላ ልጅ ጋር ልቀያየር የሚለውም አንዳንዴ ይሳካል እንጂ መብት አይደለም።

እውነተኛው በር ድልድሉ እንደተለጠፈ የሚከፈተው የቅሬታ ጊዜ ነው፣ ጥቂት ቀን ብቻ ነው የሚቆየው። እሱ «ሀሳቤን ቀየርኩ» ለማለት አይደለም፣ ስህተት ለማረም ነው፦ ግሬድሽ ተሳስቶ ገብቶ ከሆነ፣ የሴት ተማሪ ድጋፍ ነጥብ ሳይደመርልሽ ቀርቶ ከሆነ፣ የሞላሽው ቅደም ተከተል ተገልብጦ ከሆነ። ስለዚህ ፎርሙን ሞልተሽ ስትጨርሺ ስክሪንሾት አንሺ፣ ግሬድ ሪፖርትሽን ፕሪንት አድርገሽ ያዢ። ደግሞ ፓስወርድሽን ለማንም እንዳትሰጪ! አንድ ተማሪዬ ዘመድ ሞቶበት ሐረር ለቅሶ ሄዶ የዶርም ጓደኛው እንዲሞላለት ነገረው፣ ጓደኛው ለክፋት አይደለም፣ ሊስቱ ላይ ከላይ ወደታች እንዳለ ነካክቶ ሰብሚት አለው። ልጁ እስኪመረቅ ድረስ የማይወደውን ተምሮ ወጣ።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ፣ አሞላሉ። ተማሪ ሁሉ የሚፈራው «አንደኛ ምርጫዬን አባክናለሁ» የሚለውን ነው፣ ኤሌክትሪካልን አንደኛ ብዬ ባጣው ሁለተኛ ያልኩትም ያመልጠኛል ብሎ ይሰጋል። ይሄ ፍርሃት ልክ የሚሆነውም የማይሆነውም እንደ አደላደሉ ነው። በአንደኛው መንገድ ተማሪው ሁሉ በነጥብ ይሰለፋል፣ ልክ እንደ ዳቦ ሰልፍ፣ ከፊት ያለው ገብቶ ከቀሩት ውስጥ ከሁሉ አብልጦ የሚፈልገውን አንስቶ ይወጣል፣ ከዛ ቀጣዩ። አንቺ ተራሽ ሲደርስ ኤሌክትሪካል ካለቀ ሲስተሙ በዛው ደቂቃ ወደ ሁለተኛ ምርጫሽ ያያል፣ ሰልፍሽን አላጣሽም፣ ምንም አልከሰርሽም። በዚህ መንገድ ልብሽ የሚፈልገውን በትክክለኛ ቅደም ተከተል መሙላት ብቻ ነው ያለው፣ ብልጠት ምናምን ቦታ የለውም። በሁለተኛው መንገድ ግን እያንዳንዱ ዲፓርትመንት መጀመሪያ አንደኛ ብለው የሞሉትን ልጆች ይወስዳል፣ ቦታ ከተረፈው ነው ሁለተኛ ያሉትን የሚያየው። እዚህ ላይ የማይደረስ ነገር አንደኛ ላይ ማስቀመጥ በእውነት ያስከፍላል፣ ሁለተኛ ያልሽው በሌሎች አንደኛ ምርጫ ሊሞላ ይችላላ። ስለዚህ ሬጅስትራር ወይም የኢንስቲትዩቱ ቢሮ ሄደሽ የምትጠይቂው አንድ ጥያቄ ነው፦ «የምትደለድሉት በውጤት ቅደም ተከተል ነው ወይስ መጀመሪያ አንደኛ ምርጫን ጨርሳችሁ?» ሰው ሁሉ የሚጠይቀው «ከት ኦፉ (መግቢያ ነጥቡ) ስንት ነው» ብሎ ነው፣ እሱ ደግሞ በየዓመቱ በአመልካቹ ብዛት የሚለዋወጥ ነገር ስለሆነ ያምናው ቁጥር ብዙም አይጠቅምሽም፣ ቴሌግራም ላይ የሚዞረውማ ይቅር።

ነጥቡ እንዴት እንደሚሰራ በራስሽ ቁጥር ላሳይሽ። ብዙ ቦታ ትልቁን ድርሻ የሚይዘው የፍሬሽማን ጂፒኤ ነው፣ ከዛ የ12ኛ ውጤት፣ ከዛ ላይ ለሴት፣ ለአካል ጉዳተኛና ከታዳጊ ክልል ለመጣ ተማሪ የሚጨመር ትንሽ ነጥብ። ለምሳሌ 70 ለ30 ነው እንበል (የእናንተን ማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ እዪ፣ እኔ ለስሌት ብቻ ነው የወሰድኩት)። 3.4 ለ4 ተካፍሎ በ70 ሲባዛ 59.5፣ 412 ለ600 ተካፍሎ በ30 ሲባዛ 20.6፣ ድምር 80.1። አሁን ሁለተኛ ሴሚስተር 3.8 ብትሰሪና ክሬዲቱ ተቀራራቢ ቢሆን ጠቅላላው ወደ 3.6 ይመጣል፣ ያኔ 63 ሲደመር 20.6፣ 83.6። እዚህ ስሌት ላይ የጂፒኤ 0.1 ማለት 1.75 ነጥብ ነው፣ 12ኛ ላይ ደግሞ እሱን የሚያህል ለማግኘት 35 ማርክ ያስፈልግ ነበር። የ12ኛው አልፏል፣ ማንም አይቀይረውም፣ ሁለተኛ ሴሚስተር ግን እጅሽ ላይ ነው። እና ለቅያሪ ከምትለምኚው ልመና ይልቅ ይሄ ሴሚስተር ነው መቸከል ያለብሽ።

በነገራችን ላይ ኢንጅነሪንግ የሚያስብ ልጅ ሁሌ የሚሰራት ስህተት አለች፣ ማትስና ፊዚክስ ላይ ተጠምዶ ሳይኮሎጂ፣ ሎጂክ፣ ጂኦግራፊ «የንባብ ናቸው» ብሎ ይንቃቸዋል። እነሱ እኮ እንደ ማትስ 3 ክሬዲት ናቸው፣ ሲስተሙ ኤው ከየት እንደመጣ አያይም። ፊዚካል ፊትነስ ብቻ ነው ፓስ ወይም ፌይል ሆኖ ጂፒኤ ውስጥ የማይገባው። በሚቀጥለው ሴሚስተር የሚመጡትን አንትሮፖሎጂና ኢመርጂንግ ቴክኖሎጂን ሰቅለሽ ውጪ፣ በእነሱ ነው ስንቱ የተሻለው።

የሶፍትዌሩ ነገር ደግሞ ለየት ያለ መጠንቀቂያ አለው። የአክስትሽ ልጅ ያላወቀው፣ ኮምፒውተር ሳይንስ፣ ሶፍትዌር፣ አይቲ የሚባሉት ከሲቪልና ከኤሌክትሪካል ጋር በአንድ ፎርም ላይ ላይቀርቡ ይችላሉ። መጀመሪያ የምትመርጪው ፊልድ (ሰፊውን ዘርፍ) ነው፣ ኢንጅነሪንግ የሚለውን ከመረጥሽ ፕሪ ኢንጅነሪንግ ገብተሽ የጋራ ኮርስ ትወስጃለሽ፣ ከዛ ነው ሁለተኛው ድልድል የሚመጣው፣ ኮምፒውቲንግ ግን ብዙ ቦታ የመጀመሪያው ላይ ነው ተለይቶ የሚሄደው። ስለዚህ «ኢንጅነሪንግ ገብቼ ሶፍትዌር እመርጣለሁ» ብለሽ ስትደርሺ ሊስቱ ላይ ላታገኚው ትችያለሽ። የጋራው ሊስት ውስጥ ምን ምን እንዳለ አሁኑኑ አረጋግጪ። ሶፍትዌርን ራሱን በተመለከተ ሀሳቤ አጭር ነው፣ ሲ ፕላስ ፕላስ ሁለተኛ ሴሚስተር ላይ ትወስጃለሽ፣ ያኔ ኮዱ እምቢ ሲልሽ ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ድረስ ስህተቱን እየፈለግሽ ካልሰለቸሽ አስቢበት፣ ከሰለቸሽ የአክስትሽ ልጅ ደሞዝ አያታልልሽ።

ወደ ፊዚክሱ ልምጣ፣ እዚህ ላይ ነው ብዙ የምለው ያለኝ። ቢ ማይነስ አምጥቼ ኤሌክትሪካል ይከብደኛል ብለሽ ሲቪል መሸሽ፣ ከዝናብ ሸሽቶ ደቻቱ ወንዝ ውስጥ እንደመግባት ነው። ሲቪል እኮ ፊዚክስ ነው! ስታቲክስ፣ ስትሬንግዝ ኦፍ ማቴሪያልስ፣ ቲዎሪ ኦፍ ስትራክቸርስ፣ ሳቢያን ላይ የምታያቸው ፎቆች ሁሉ የቆሙት በሀይል ሚዛን ሂሳብ ነው። ስለዚህ ጥያቄው ፊዚክስ ይከብደኛል ወይ አይደለም፣ የቱ ፊዚክስ ነው የከበደሽ? የፍሬሽማን ፊዚክስ ውስጥ ኪነማቲክስና ዳይናሚክስ አለ፣ ፍሉይድ አለ፣ ሙቀት አለ፣ ሞገድ አለ፣ መጨረሻ ላይ ኤሌክትሮማግኔቲዝምና ኤሌክትሮኒክስ አለ። የሚድና የፋይናል ወረቀትሽን ፈልጊና የት የት እንደወደቅሽ በቀይ አክብቢው። የሀይልና የእንቅስቃሴው ክፍል፣ ፑሊውና ኢንክላይንድ ፕሌኑ (ተዳፋቱ) ላይ ከሆነ የጠፋብሽ፣ ሰርኪቱን ግን ሳትጨነቂ ከሰራሽው፣ ልብሽ ልክ ነው የነገረሽ። ሰርኪቱ ላይ ከሆነ የወደቅሽው ደግሞ ማወቅ ያለብሽ አሁን ነው፣ ምክንያቱም ኤሌክትሪካል ገብተሽ ሲግናልስና ኤሌክትሮማግኔቲክ ፊልድስ የሚባሉ ሁለት ግድግዳዎች አሉ፣ ሁለቱም በአፕላይድ ማትስ የተገነቡ ናቸው፣ ኢንተግራል የሚያስጠላው ልጅ እዛ ጋ ነው የሚቆመው። የኤሌክትሪካል ሌላ ባህሪው፣ ላይኛው ዓመት ላይ ስትደርሺ እንደገና ስትሪም (ንዑስ ዘርፍ) መምረጥ አለብሽ፣ ፓወር፣ ኮሙኒኬሽን፣ ኮንትሮል፣ ኮምፒውተር የመሳሰሉት፣ ስለዚህ ኮድ መጻፍ ከወደድሽ ያኔም በር አለ። ለአክስትሽ ልጅ ይሄን ንገሪው።

አንድ ነገር አድርጊ፣ ነፃ ነው፣ ማንም አይከለክልሽም። ሁለት ሲኒየር ፈልጊ፣ አንድ ሶስተኛ ዓመት ሲቪል፣ አንድ ሶስተኛ ዓመት ኤሌክትሪካል፣ ሰቃይ (ከሁሉ የሚበልጥ ጎበዝ) ባይሆን ይመረጣል፣ መሃል ላይ ያለ ልጅ ነው እውነቱን የሚናገረው። «ደስ ይላል ወይ» ብለሽ እንዳትጠይቂ፣ ሁሉም «ያው ነው» ነው የሚልሽ። «የዚህን ሳምንት አሳይመንት አሳየኝ» በዪው። ከዛ አንድ ክላስ ከኋላ ገብተሽ ተቀመጪ። አሳይመንቱን ስታዪው ባይገባሽም «ይሄን እንዴት ነው የሚሰሩት» የሚል ጉጉት ከመጣብሽ ጥሩ፣ ሆድሽ ከጨነቀው ደግሞ ያንን ከመግባትሽ በፊት ማወቅሽ ነው ትርፉ። ፎርሙ ላይ የዲፓርትመንት ስም ነው የተጻፈው ግን አንቺ የምትመርጪው አራት ዓመት ሙሉ ማታ ማታ ጠረጴዛሽ ላይ የሚዘረጋውን ወረቀት ነው።

አሁን የአባትሽን ነገር። ሲቪል ያሉት በከንቱ አይደለም፣ እኔ ራሴ ሲቪልን አላጣጥልም። አንቺ በተወለድሽበት ሰሞን፣ ሐምሌ መጨረሻ 1998 ደቻቱ ሌሊት ሞልቶ ከ200 በላይ ሰው ወሰደ፣ ዝናቡ ተራራው ላይ ነበር የዘነበው፣ ከተማው ተኝቶ ነበር። ከዛ በኋላ ድሬ ውስጥ ድልድይ፣ የጎርፍ መከላከያ ግንብ፣ የውሃ ማውረጃ የሚለው ወሬ ሁሉ የሲቪልና የሃይድሮሊክስ ሰው ወሬ ነው። ወደላይ ስትወጪ ደግሞ የሐረማያ ሐይቅ በ1990ዎቹ መጨረሻ ሲደርቅ ሐረር ውሃ አጥታ ድሬዳዋ አካባቢ ካሉ ጉድጓዶች ሽቅብ እየተገፋ ሄደላት፣ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ካለ ቆላ 1,900 ገደማ ላይ ወዳለች ከተማ፣ ውሃ ደግሞ በፀሎት አይወጣም፣ በፓምፕ ነው። ፓምፑን ማን ያዞረዋል? ኤሌክትሪካል እና መካኒካል። ያን ጉድጓድ ማን ያሰላዋል? የውሃ ኢንጅነር። ለአባትሽ ልላቸው የምፈልገው፣ ሲቪል ብቻ አይደለም አገር የሚሰራው።

በተለይ ለምድር ባቡር ሰው ማስረዳት ቀላል ነው። እሳቸው የሰሩበት መስመር በ1895 ድሬን የወለደው የአንድ ሜትር ሀዲድ ነው፣ በናፍጣና በቶርኖ የሚኖር። አዲሱ የአዲስ አበባና የጅቡቲ መስመር ግን 750 ኪሎ ሜትር ገደማ ሙሉውን በ25 ኪሎ ቮልት ኤሌክትሪክ ነው የሚሄደው። እና አባትሽን ቁጭ አድርገሽ «አባዬ፣ የአንተን ባቡር ዛሬ የሚያንቀሳቅሰው ኤሌክትሪካል ነው» በያቸው፣ ወላሂ ከእኔ አንድ ገጽ ጽሑፍ ይሄ ይሻላል። ብዙ የእሳቸው እኩያ አባት ሲቪል የሚለው ልጁ ንፁህ ልብስ ለብሶ ፕላን ይዞ ሳይት ላይ ሲቆም ስለሚታየው ነው፣ ዘይት የበላው የራሱ እጅ ትዝ እያለው። ያ ፍቅር ነው፣ መረጃው ግን ያረጀ ነው፣ አሁን ሲቪል ተመርቆ ስራ የሚጠብቀው ልጅ ብዛት የሰፈርሽ ልጆችን ብትጠይቂ ይነግሩሻል።

ሌሎቹን በሩጫ ላንሳልሽ፣ ምክንያቱም ፎርሙ ላይ ሶስት ብቻ ሞልተሽ ሌላውን ባዶ ወይም በዘፈቀደ እንዳትተይው። ኬሚካል የኬሚስትሪ ትምህርት አይደለም፣ ፋብሪካ ውስጥ ምን ገብቶ ምን እንደሚወጣ ማስላት ነው፣ ሲሚንቶ ድሬ አለ፣ ቢራ ሐረር አለ። ኢንዱስትሪያል ሰው የማያውቀው ግን ስታቲስቲክስ ለሚወድ ልጅ የሚጥም ነው፣ በ2014 ነፃ የንግድ ቀጠና የሆነው የድሬው ኢንዱስትሪ ፓርክ እቃ ሲገባና ሲወጣ ዝውውሩን የሚያሳልጠው እንዲህ አይነት ሰው ነው። መካኒካል የአባትሽ ደም ነው፣ ቴርሞዳይናሚክስ ካልፈራሽ። አርክቴክቸር ብዙ ቦታ የስዕል ፈተና አለው፣ እንቅልፍ ከወደድሽ ተይው። ከዳር ያሉትን የምትደረድሪው «የትኛው ቢደርሰኝ አላለቅስም» እያልሽ ነው፣ ሳቅሽ አይደል፣ ግን ሰባተኛ ምርጫው የደረሰውን ልጅ አይቻለሁ፣ ሰባተኛ ላይ ምን እንደጻፈ እንኳን አያስታውስም ነበር። ቀኑ ካለፈሽ ደግሞ ምርጫ የሚባል ነገር የለም፣ የተረፈው ቦታ ላይ ነው የሚጥሉሽ።

መውጫ ፈተናውንም አትርሺ። ከ2015 ጀምሮ ማንም ሰው ኤግዚት ኤግዛም 50 ከመቶ ሳያመጣ ዲግሪውን አይዝም፣ ፈተናው ደግሞ በዲፓርትመንትሽ ኮርስ ነው የሚመጣው፣ ስለዚህ ለአባት ተብሎ የተገባበት ትምህርት መጨረሻ ላይ አባት አብረው ገብተው አይፈተኑልሽም።

እኔ ራሴ ሶስተኛ ምርጫዬ ላይ ነው የወደቅኩት፣ መካኒካል። አንድ ዓመት ሙሉ ቅያሪ ቅያሪ ስል፣ ማመልከቻ ይዤ ከቢሮ ቢሮ ስዞር ሁለት ኮርስ ሲ አመጣሁ፣ እሱ ሲ እስከ ማስተርስ ማመልከቻዬ ድረስ ተከትሎኛል። በኋላ ወድጄዋለሁ፣ ግን ያን ዓመት ማንም አልመለሰልኝም።

ለአንቺ እኔ ብሆን፣ የፊዚክስ ወረቀትሽ ሰርኪቱ ላይ ደህና ከሆነ፣ ኤሌክትሪካል አንደኛ፣ ከዛ ሲኒየሮቹን አይተሽ ከወደድሽው ሲቪል ወይም መካኒካል ሁለተኛ ነበር የምለው። ይሄ ግን ድልድሉ በውጤት ሰልፍ ከሆነ ነው። አንደኛ ምርጫን መጀመሪያ የሚጨርሱ ከሆነና ነጥብሽ ጠርዝ ላይ ከሆነ ሌላ ስሌት ነው። ስለዚህ ሰኞ ጠዋት ፀሐይ ሳይከር ሬጅስትራር ሂጂ፣ ያቺን አንዷን ጥያቄ ጠይቂ፣ መልሱንና የሁለተኛ ሴሚስተር ሚድ ውጤትሽን ጻፊልኝ፣ ቅደም ተከተሉን አብረን እንደረድረዋለን። አባትሽንም ሰላም በይልኝ።